አርባ አንድ የሥራ ማስታወቂያዎች

«ልጄ፣ እኔ እኮ በግምት አልናገርም! አርባ አንድ ማስታወቂያ! በአንድ ዓመት ውስጥ አርባ አንድ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?»

«ቁጥሩን መቼ ካድኩ ጋሼ? ማስታወቂያዎቹን ማን እንዳወጣቸው ነው የጠየቅሁት።»

ለአንድ ደብዳቤ ማኅተም ፍለጋ ወደ ሥራ ምክር ክፍሉ የገባሁት ክርክሩ እዚህ ደርሶ ነው። ሽማግሌው አማካሪ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ ከጋዜጣ እየቆረጡ ደብተር ላይ ስለሚለጥፉ መሥሪያ ቤቱ «ጋሼ መቀስ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም አይቀየሙም። ተከራካሪያቸው ከተመደበች ሦስት ወር ያልሞላት ወጣት አማካሪ ናት። አግዳሚው ወንበር ላይ ማተሚያ ቤቱ ተዘግቶበት ሥራ የፈታ የአርባ ዓመት ሰው ቅጽ ይዞ ተቀምጧል። ለእንዲህ ያለ ሰው የነጻ ሥልጠና የሚሰጠው በሕይወቱ አንዴ ብቻ ነው። ምዝገባው ነገ ያበቃል። ሁለት ልጆች አሉት፤ የመረጠው ሙያ ካላበላው ተመልሶ የሚመጣበት በር የለም።

ጋሼ መቀስ ደብተሩን ወደ እሱ አዞሩት።

«እይ ወንድሜ። የማሽን ኦፕሬተር፣ አርባ አንድ። ይቺ ልጅ የምትልህ የማቀዝቀዣ ጥገና ስንት ነው? አራት! አርባ አንድ በር እያለልህ አራት በር ታንኳኳለህ?»

«አርባ አንዱ ይሻለኛል ጋሼ» አለ ሰውየው በቀስታ።

«በሮቹ አርባ አንድ ከሆኑ ነዋ» አለች ወጣቷ። «እስቲ ስልክ ቁጥሮቹን ያንብቡልን።»

አነበቡ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀነሰ፤ አሥረኛው ላይ መነጽራቸውን አወለቁ። ሠላሳ ስድስቱ የአንድ የጠርሙስ ፋብሪካ ቁጥር ነበር።

«ታዲያ ትልቅ ፋብሪካ ነዋ! ሰው ይፈልጋል።»

«ወይ ደግሞ ሰው ይሸሸዋል። ጋሼ፣ በየወሩ ተከራይ የሚለቅበት ቤት ቢያዩ ‹እንዴት ያለ ተፈላጊ ቤት ነው!› ብለው ይገባሉ?»

ሰውየው ሳቁ አመለጠው። ሽማግሌው ገላመጡትና ስልኩን አነሱ። በትሕትና ሰላምታ ሰጥተው፣ ባለፈው ወር ከተቀጠሩት ስንቱ እንዳሉ ጠየቁ። ከወዲያ ያለችው ሴት ምንም አልደበቀችም፤ አሥራ አራት ገብተው ሦስት ብቻ ቀርተዋል፤ የእቶኑን ሙቀት አልቻሉትም፤ ሰው ካለዎት ነገ ጠዋት ይላኩልን። ጋሼ መቀስ የሰሙትን ቃል በቃል ደገሙልንና ስልኩን በዝግታ አስቀመጡ።

ስሕተቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን ደጋግሞ የሚጣራው አሠሪ ብዙ እንጀራ ያለው ይመስለናል፤ ለምን ደጋግሞ እንደሚጣራ አንጠይቅም።

«እሺ» አሉ፤ «ያንቺስ ማቀዝቀዣ? በአራት ማስታወቂያ ሰው እንጀራ ይበላል?»

«ጥገና ቤቶች ጋዜጣ ላይ አያወጡም። ሰው ሲጎድላቸው የሚያውቁትን ሰው ይጠይቃሉ። ባለፈው ሳምንት ዘጠኝ ቤት ዞርኩ። ስድስቱ የሚሠራላቸው አጥተው ደንበኛ እየመለሱ ነው። ሁለቱ ሰው አንፈልግም አሉኝ፤ እሱንም ጽፌዋለሁ። አንዱ ዝግ ነበር።»

«ዘጠኝ ቤት ከተማ አይሆንም።»

«አይሆንም። ለዚህ ነው በየሦስት ወሩ መደገም ያለበት። ያሠለጠንናቸውንም የት እንደደረሱ መጠየቅ አለብን። የእርስዎ ደብተር የሃያ ሦስት ዓመቱን አካሄድ ያሳያል፤ ይጣል ማን አለ? ብቻውን አይበቃም ነው ያልኩት።»

«ከጥገና ቤቶቹ የሚቀርበው የት ነው እህቴ?» አለ ሰውየው።

«ከገበያው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው። ግን እርስዎም በዓይንዎ ይዩት፤ ሥራው ከባድ ዕቃ ማንሳትም አለው።»

ሽማግሌው የደብተሩን የቆዩ ገጾች ያገላብጡ ነበር።

«የታይፕ ጸሐፊ ማስታወቂያ የበዛበት ዘመን ነበር» አሉ። «ስንቱን ሰው ታይፕ ተማር ብዬ ላክሁ! ተምረው ሲወጡ አለቃው ሁሉ በኮምፒዩተር ራሱ ይጽፍ ጀምሯል። የት ወደቃችሁ ብዬ አንዱንም አልጠየቅሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ሞኙም እኔ፣ ወረቀቱም የእኔ።»

«ኧረ እንዲህ አይበሉ ጋሼ።»

«ተይ፣ ልበል። ይልቅ ማስመሪያውን አቀብዪኝ።»

ባዶ ገጽ ላይ ያሰምሩ ጀመር፦ ማን አወጣው? ስንተኛ ጊዜው ነው? የቀድሞው ሠራተኛ ለምን ለቀቀ? ማስታወቂያ ሳያወጣ ሰው የሚፈልግ ማን ነው? እንዲህ ያለ ገጽ ያለው አማካሪ ሥራ ፈላጊውን አንዲት ዕድሉን በከንቱ አያስጨርሰውም፤ ማሠልጠኛውም ሰው በሞላበት ሙያ ላይ ሰው አይጨምርም፤ ሠራተኛ ያጣው ጥገና ቤትም የሚፈልገውን እጅ ያገኛል። ምክር በጎ ልብ ብቻ አይበቃውም፤ ወጥቶ የሚጠይቅ እግርም ይፈልጋል።

«‹ለምን ለቀቀ› የሚለው መጀመሪያ ይምጣ» አለች ወጣቷ።

«የለም፣ መጀመሪያ ‹ማን አወጣው›! ሥርዓት አለው።»

«ኧረ ጋሼ፣ አሁንም በጋዜጣው ሊጀምሩ?»

ሰውየው ያልተሞላውን ቅጽ አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ተነሥቶ በሩን ያለ ድምፅ ከፈተና ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ሄደ።

«ለመሆኑ» አሉ ጋሼ መቀስ ከገጹ ቀና ሳይሉ፣ «ጥገና ቤት ለመጠየቅ ሲገባ ምን ተብሎ ነው የሚጀመረው?»