ከብት በማይጠፋበት ቀን የሚቀበሩት የመምህር ይሄነው ዋለ ዜና ሕይወት

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በአስከሬን ፊት ሊነገር የማይገባውን ነገር ልንናገር ስለሆነ፣ ንባቡም ከልማዱ ረዘም ስለሚል፣ የተከበራችሁ ለቀስተኞች ይቅርታ ታደርጉልን ዘንድ በትሕትና እንለምናለን። ማስረዘሙ የእኛ ጥፋት አይደለም፤ ሟቹ ራሳቸው «አሳጥራችሁ እንዳታነቡ» ብለው ተናዘዋል። ከኋላ በኩል ቆማችሁ ዓይናችሁ ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር የሚሄድባችሁ ወንድሞችም፣ ኀዘኑ እንደከበዳችሁ ይገባናልና እባካችሁ ቁጭ በሉ።

መምህር ይሄነው ዋለ ከአባታቸው ከአቶ ዋለ በላቸውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይርገዱ ሙሄ በ1957 ዓ.ም. ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ በምትገኘው በዚህችው ቀበሌያችን ተወለዱ። ፊደል በዚህ ደብር ከቄስ ዘንድ ቆጥረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በመካነ ሰላም ተከታትለው፣ ደሴ ወርደው በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ፣ ከተማ ይሻልሃል ያላቸውን ሁሉ ሳይሰሙ ወደ ተወለዱበት ቀበሌ ተመልሰው ሒሳብ ሲያስተምሩ፣ ኋላም ርዕሰ መምህር ሆነው ሲያገለግሉ ኖረዋል። በ1989 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሺእመቤት ጋር ጋብቻ መሥርተው ሰርካለምን፣ ከብዙ ዓመት በኋላም የኔአለምን ወልደዋል።

እዚህ ላይ ስለ ቀበሌያችን ከብቶች ጠባይ ጥቂት መናገር ግድ ይላል። ዓመቱን ሙሉ ከደጃችን የማይርቁት እነዚህ ጨዋ እንስሳት፣ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በሚሰጥበት ቀን ግን ምን እንደሚነካቸው ሳይታወቅ ይጠፋሉ። ከብት የጠፋበት ሰውም እንደ ወጉ በትምህርት ቤቱ አጥር ዙሪያ እየዞረ ይጣራል። አስቀድሞ አንድ ተማሪ ሆዱን ያመውና ወደ መጸዳጃ ቤት ወጥቶ ጥያቄዎቹን በአጥሩ ቀዳዳ ያቀብላል፤ ጥቂት ቆይቶ፣ በጥያቄዎቹ ተራ፣ «ኧረ አህያ ያያችሁ!» የተባለ እንደሆነ መልሱ ሀ ነው፤ ላም ከሆነች ለ፣ ፍየል ሐ፣ በግ መ። ፈታኞቹ ከሌላ አገር የሚመጡ እንግዶች በመሆናቸው፣ ይህን ያህል ከብት በአንድ ቀን የሚጠፋበት ሕዝብ እንዴት ይኖራል እያሉ ከልብ ያዝኑልን ነበር።

በ2006 ዓ.ም. መምህር ይሄነው ዱላቸውን ይዘው በአጥሩ ዙሪያ ሲመላለሱ ስለዋሉ፣ በዚያ ዓመት አንዲት ጠቦት እንኳ ሳትጠፋ ቀረች። ውጤቱ ሲመጣ ትምህርት ቤታችን ከሁሉ መጨረሻ ሆነ፤ ከወደቁትም መካከል የገዛ ልጃቸው ሰርካለም ነበረች። ከበላይ የመጡት ኃላፊ፣ «ልጆቹ አልወደቁም፤ የወደቁት እርስዎ ነዎት» አሏቸው። ጎረቤት ደግሞ፣ «በወለዳት የጨከነ ለማን ሊራራ ነው!» አለ። ሰርካለም በዓመቱ በደላላ ወደ ጅዳ ተሻገረች፤ ከዚያ ወዲህ ድምጿ እንጂ ዓይኗ ወደ አባቷ ቤት አልተመለሰም።

ከዚያች ዓመት በኋላ መምህር ይሄነውን በየፈተናው ቀን ጆሯቸውን ያማቸው ጀመር። ጥጥ ወትፈው፣ መስኮት ዘግተው፣ ቢሯቸው ውስጥ ይውላሉ። ትምህርት ቤቱም ወዲያው አንደኛ ወጣ፤ ደግሞም አንደኛ ወጣ። የተሸለመውን ዋንጫ ግን የጠመኔ ስብርባሪ ማስቀመጫ አድርገውት ኖረዋል።

በ2013 ዓ.ም. ፈተና ላይ የአንድ ጎረቤታችን አህያ በእውነት ጠፋች። ጎረቤታችን በሐቀኛ ኀዘን ጠዋቱን ሙሉ «ኧረ አህያ! ኧረ አህያ ያያችሁ!» እያሉ በአጥሩ ሥር ሲመላለሱ፣ ተማሪዎቻችን በፍጹም ታማኝነት ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ሀን ብቻ አጠቆሩ። በኋላ ቅሬው፣ ማለትም የቀብር ዕድራችን፣ ሰብስቦ ሲጠይቃቸው፣ «ታዲያ አህያዬ ጠፍታ በግ ብዬ ልጥራት ኖሯል?» ብለው መለሱ። የኚህን ጎረቤት ስም በለቅሶ ቦታ መጥራት አያስፈልግም፤ አቶ አወቀም ይህን ይረዱታል። አህያዋ በዚያው ቀን ተገኝታለች።

ሰው ሁሉ ሲስቅና ሲያለቅስ፣ መምህር ይሄነው ጥጡን ከጆሯቸው አውጥተው ልጆቹን ራሳቸው ፈተኑ። ግማሽና ሩብ ደምሮ የሚነግራቸው አላገኙም። ሰርካለምን የጣላት የአጥሩ ዝምታ ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረው ጩኸት መሆኑ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። በተከታዩ ዓመት የኔአለም የነበረችበትን አምስተኛ ክፍል ተረከቡ፤ ከዚያ ወዲህ ማለዳ ከደወል በፊት፣ ቅዳሜም ከገበያ በፊት፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ሲያስተምሯቸው ቆዩ።

ዘንድሮ ግን ወላጆችን ሰብስበው «ከአጥሩ ራቁልኝ፤ ልጆቹ ይችላሉ» ቢሏቸው፣ ወይዘሮ ብርሀንነሽ ተነሥተው፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሰርካለምን ለጅዳ ሰጡ። የእኔ ፈርጥ የሆነችውን ልጄንስ ለማን ሊሰጡብኝ ነው?» አሉ። መምህር ይሄነው ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ፤ የኩላሊት ሕመማቸውም ከዚያ ሳምንት ወዲህ በረታ።

ደሴ ሄደው ታክመው፣ ሐኪሞች እንደማይሆን ነግረዋቸው ሲመለሱ፣ የቅሬ ዳኛችንን ጋሽ አብዱራህማንን አስጠርተው ተናዘዙ። በፈተናው ሰሞን ከሞቱ ቀብራቸው በፈተናው ሰዓት እንዲሆን፣ የኔአለም ፈተናዋን ሳትጨርስ ወደ መቃብሩ እንዳትመጣ፣ ዜና ሕይወታቸውም የፈተናውን ማብቂያ የሚያሳውቀው የትምህርት ቤቱ ደወል እስኪደወል ድረስ እንዲነበብ ለመኑ። ትናንት ማለዳ ዐረፉ። ጋሽ አብዱራህማንም መለከት አስነፍተው፣ «ያ ጀማዓ! ወላሂ፣ በይሄነው ቀብር የቀረ ሰው፣ ነገ እሱን የሚቀብር ሌላ ቅሬ ይፈልግ!» ብለው አወጁ። እነሆ ማንም አልቀረም። በየዓመቱ ከብት የሚጠፋባቸው ሒሳብ አዋቂዎቻችን ሁሉ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ጋሽ አብዱራህማንም መውጫው ላይ ቆመዋል።

የኔአለም ዛሬ ጠዋት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እናቷ እስከ በሩ ሸኝተዋት ወደ ፈተናው ገብታለች። አባቷ ሳይቀበር ፈተና የተቀመጠች ልጅ በአገራችን አልታየችም፤ ነውር ነው የምትሉ ብትኖሩ እኛም ብለናል። በዚህች ሰዓት ከአጥሩ ውጭ ድምፅ የለም። ልጆቹ ይለፉ ይውደቁ የሚያውቅ የለም፤ መምህር ይሄነውም ሳያውቁት ሄደዋል። እንዲህ ፈርተን የምናውቅ አይመስለንም።

መምህር ይሄነው ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺእመቤትን፣ በጅዳ በስልክ የምታለቅሰውን ሰርካለምን፣ ለማልቀስ ተራዋን የምትጠብቀውን የኔአለምን፣ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪና አንድ ዋንጫ ጠመኔ ትተው አልፈዋል። የሰውን ሥራ ያለ ረዳት የሚመዝን አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እዚያም ጆሯቸውን አያሳምማቸው።

የአቶ አወቀ አህያ መታሰሯን ቅሬው አረጋግጧል። ደወሉ ገና አልተደወለምና ከመጀመሪያው ደግመን እናነባለን። እናንተ ግን የሰማችሁትን ለማንም እንዳትደግሙት አደራ፤ መድገማችሁ ካልቀረም ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፤ ልጆቹ እየሠሩ ነው።