አባቴ ያሰረው ጎማ
የአባቴን አሮጌ ላንድክሩዘር ልሸጥ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ የሐረጎን ተራራ ጉም ውጦት ነበር፤ በደመና ላይ የምንሳፈፍ መስሎኝ ነው የደረስኩት። ገዥው ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። "ሞተሩ የሚገፋው በሁለት ጎማ ነው ወይስ ሁልጊዜ በአራቱም?" አሉኝ። እኔ ምኑን አውቄ! አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አነሱና "ከሥር ግባና ከሞተሩ ወደ ፊት ጎማዎች የሚሄደውን ዘንግ እይ" ብለው ጎማውን በእጃቸው አሽከረከሩት። ዘንጉ አብሮ ዞረ። "ሁልጊዜ በአራቱም ነው!" አልኩ። ሐጂ የጎማው መሃል ላይ ያለችውን መዞሪያ ከጭቃዋ ጠረጉና ፈገግ አሉ። "የለም፣ በዚህች ጎማው ከዘንጉ ጋር በእጅ ታስሮ ነው፤ ለጭቃ ሲሆን ብቻ ነው የሚታሰረው። ከጭቃ የወጣ ሰው ሳይፈታው ቀርቷል። ማነው?"

አባቴ ነው። በክረምት ከቢስቲማ መንገድ ጭቃ ወጥቶ፣ መኪናውን ግቢ አቁሞ፣ "ደክሞኛል" ብሎ እንደተኛ አልተነሳም። ከዚያ ወዲህ በአስፋልት ስነዳው ጎማው እሱ እንዳሰረው ነበር።

ይህን ስነግራቸው ሐጂ ጣታቸውን ከመዞሪያዋ ላይ ቀስ ብለው አነሱ። "አላህ ይርሐማቸው። በል፣ አንተው ፍታው።" እጄን አሳረፍኩባት። አባቴ ያሰረውን መፍታት አቃተኝ። ሐጂ አዩኝና ክሪኩን አወረዱ።

"ሂድ፣ ወደ ቤቱ መልሰው" አሉኝ።