በልጄ መቃብር ላይ የመጣው ጥያቄ

ደርግ ጸሎት ቤታችንን ያሸገ ጊዜ ነው። ትንሿን ልጄን ጉለሌ ስንቀብር አንድ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ አብሮን መጣ። «መዝሙር ከሰማሁ ሁላችሁም ወደ ቀበሌ ናችሁ!» አለ። እኔ እንኳን መዝሙር፣ እንባም አልነበረኝም።

ሰባኪያችን ጋሽ ጡሚሶ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው፤ በመስበካቸው ታስረው ከተፈቱ ገና ወር አልሞላቸውም። «እሺ ልጄ፣ አንዘምርም። የምናምነውን ብቻ ልናገር?» አሉት።

«አሳጥረው፣ ሽማግሌ!»

«ክርስቶስ ሞተ፤ ተነሣ፤ ይመጣል። ይህችም ልጅ ትነሣለች።»

«በቃ? ለዚህ ነው የታሰርከው?»

«ለዚሁ ነው። ሌላ የምሰብከው የለኝም።»

ጠባቂው ጉድጓዱን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ... ሬሳው ያልተገኘስ ይነሣል? ወንድሜ ከጦር ሜዳ አልተመለሰም» አላቸው።

«የት እንደወደቀ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ይጠራዋል» አሉት።

ከጠባቂው ጎን የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ጠመንጃውን አቀበለኝና አካፋ አንሥቶ በልጄ ላይ አፈር ይመልስ ጀመር። ጠመንጃውን እንደታቀፍኩ እንባዬ መጣ፤ መዝሙሩንም የጀመርኩት እኔው ነኝ።