ፋኑ ዝም ያለ ቀን

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ጠራራ ቀትር፤ ትርሲት ወለሉ ላይ ተንበርክካ የኮምፒውተሯን ሳጥን በመፍቻ እየከፈተች ነው፤ እናቷ ወይዘሮ ስንዱ በሩን ይዘው ቆመዋል፤ አባቷ ከግድግዳው ማዶ ታመው ተኝተዋል።

ስንዱ፦ መጀመሪያ ከሶኬቱ ንቀይው። አንድ ቀን ይሄ ነገር ቤቱን ይዞ ይነድዳል ስልሽ አትሰሚም።

ትርሲት፦ ነቅዬዋለሁ። አንቺ የጠየቅሁሽን መልሺ። ቀዳዳውን ሁሉ በፕላስተር የለጠፈው ማነው?

ስንዱ፦ የኮምፒውተር ባለሙያሽ፣ ፍጹም፣ ያለውን ነው ያደረግሁት። ትናንት ስልክሽን ትተሽ ወጥተሽ ሲደውል አነሳሁለት። ሲፒዩውን ከአቧራ ጠብቁት፣ ሲፒዩው ከቀዘቀዘ ጩኸቱ ይቀንሳል አለኝ። ዳቦ ልትገዢ ስትወጪ ጠበቅሁልሽ።

ትርሲት፦ ሳጥኑን እኮ አይደለም ያለሽ። እዚህ ውስጥ ያለችውን፣ ከቴምብር የማትበልጠውን ነው።

ስንዱ፦ ሰው ሁሉ ሳጥኑን ሲፒዩ ሲለው እሰማለሁ። ከየት ልወቅ? እኔ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት በጠመኔ ነው።

ትርሲት፦ ይሄ እርጥብ ፎጣስ?

ስንዱ፦ እንዲቀዘቅዝ ነዋ። አንቺስ ትኩሳት ሲይዝሽ ግንባርሽ ላይ ምን ነበር የማደርግልሽ?

ትርሲት፦ እኔ በኤሌክትሪክ አልሠራም፣ እማዬ። ቆይ፣ ጥጥም አለበት እንዴ?

ስንዱ፦ ትንሽ ናት። በሳጥኑ ጀርባ ባለው ወንፊት አሾልኬ ነው።

ትርሲት፦ ፋኑን፣ ማራገቢያውን፣ ቀፍድደሽ ይዘሽዋል! ጠዋት ዝም ሲልልኝ እኔ ሞኟ ፈጣሪን ሳመሰግን ነበር።

ስንዱ፦ ዝም አይነቅዝም።

ትርሲት፦ ሰው ዝም ቢል አይነቅዝ ይሆናል። ፋን ዝም ሲል ግን ሲፒዩው ይጋገራል። ጩኸቱን ያመጣው ይሄ ሁሉ አቧራ ነው። ሲፒዩው ይሞቃል፣ ፋኑ ሊያቀዘቅዘው ይሮጣል፣ ሲሮጥ ይጮሃል። አቧራው ተጠርጎ፣ በሲፒዩውና በፋኑ መሀል ያለው የደረቀ ቅባት ቢቀየርለት፣ ቀስ ብሎ እየዞረ ያቀዘቅዘው ነበር። ቅባቱን ገዝቼ ለዛሬ አስቀምጬው ነበር።

ስንዱ፦ አሁንስ አይቀባም?

ትርሲት፦ ይቀባል። ግን ኮምፒውተሩ በሙቀቱ ራሱን ሲያጠፋ ጠዋት አንብቤ የቀዳኋቸው አራት ምዕራፎች አብረው ጠፉ። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የምቀዳው መጽሐፍ "ከኋላ ወፍጮ ይፈጫል" ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመልሶብኛል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ንጹሕ ድምፅ ካልላክሁ ሥራው ለሌላ አንባቢ ይሰጣል።

ስንዱ፦ የፈሩት ይደርሳል። ገና ሳጥኑ እዚህ ቤት ሲገባ ልቤ ነግሮኝ ነበር።

ትርሲት፦ የፈራሽው በራሱ እግር መቼ ደርሶ ያውቃል? አንቺ ነሽ አዝለሽ የምታደርሺው።

ስንዱ፦ በይው፤ ያስለመድኩሽ እኔ ነኝ። ለአባትሽ ብዬ እንጂ እኔ ምን አገባኝ። ከታመመ ወዲህ ጩኸት ይረብሸዋል።

ትርሲት፦ አባዬን? ሠላሳ ዓመት በባቡር ጋራዥ ከሎኮሞቲቭ ሥር የኖረውን ሰው? ሬዲዮናችን ጎረቤት ሲያስለቅስ "ጨምሪው" የሚለውን?

ስንዱ፦ በሽታ ሰው ይለውጣል።

ትርሲት፦ እሱን አልለወጠውም። ነርስነቱን በመተዌ "ለሰው ወረቀት የምታነብ ልጅ የለችኝም" ካለ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያናግረኝ በአንቺ በኩል ነው። "መስኮቱን ትዝጋ በያት።" "ሻዩ ቀዝቅዟል በያት።" አሁን ደግሞ "ዝም አሰኚልኝ" አለሽ፣ አንቺም ጥጥሽን ይዘሽ መጣሽ።

ስንዱ፦ ተይ፣ ትርሲት። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ትርሲት፦ ከሱ አፍ የወጣውስ የትኛው አፋፍ ላይ ነው ያለው?

ስንዱ፦ እንደዚያ አይደለም ያለኝ።

ትርሲት፦ ታዲያ ምን አለሽ?

ስንዱ፦ ብሩሹን ያዢ፣ ሰዓቱ እየሄደብሽ ነው።

ትርሲት፦ እማዬ። ምን አለሽ?

ስንዱ፦ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል፤ ለመሐላዬ ደግሞ እኔ ነኝ የምጠየቀው። "ያ ጩኸታም ድምፅዋን ዋጠብኝ" ነው ያለኝ። አልጋውን ወደዚህ ግድግዳ አስጠጊልኝ ሲለኝ ለጀርባው መስሎኝ ነበር። ለካ ስታነቢ ያዳምጣል። ባለፈው ሳምንት መሀል ላይ ስታቆሚ፣ "ያቺ ሴትዮ ልጇን አገኘችው ወይ?" ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። እኔ የት አውቄ።

ትርሲት፦ ምንም ብሎኝ አያውቅም።

ስንዱ፦ ኩራቱን አታውቂውም?

ትርሲት፦ የእኔስ ኩራት ከማን መጣ? ከአልጋው እስከዚህ ስድስት እርምጃ አይሞላም። አንድ ቀን ስሜን ቢጠራ፣ ሥራውም ይቅርብኝ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እስኪጠግብ አነብለት ነበር። ስሜን ከአፉ ሳልሰማ ሁለት ዓመት ሆነኝ እኮ።

ስንዱ፦ ሲጠራሽ ነው የከረመው፣ ልጄ። ከታመመ ወዲህ ድምፁ ከግድግዳው አያልፍም፤ በማራገቢያው ጩኸት አልሰማሽውም።