ውሃ የምታስገባው ጀልባ

ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ ያወራሉ።

«ኦቦ ደበላ፣ ጀልባዎ ተገኘች?»

«ተገኘች። መጀመሪያ ታጣቂዎቹ ቀሙኝና መትረየስ ጠመዱባት። አሁን ደግሞ ወታደሮቹ ማርከዋት ሐይቁን ይዞሩባታል።»

«የኔ ናት ይበሏቸዋ!»

«‹ታጣቂ ስታሻግር የነበርከው አንተ ነህ› ቢሉኝስ?»

«እንግዲያው ዝም ይበሉ።»

«ከሥሯ ውሃ ታስገባለች። ጠዋት ጠዋት ካልቀዱላት ትሰጥማለች፤ እነሱ ይህን አያውቁም።»

«ትስጠምባቸዋ! እርስዎም ይገላገላሉ።»

«ያ ዋቃዮ! ልጆች እኮ ናቸው። ከሩቅ አገር የመጡ፣ ዋና የማይችሉ።»

«ሊነግሯቸው ነው እንዴ? ያስሩዎታል!»

«ይሆናል።»

«ታዲያ ይመለሱ!»

«መቅጃ ጣሳዬን ይዤ ወጥቻለሁ፤ ምን ብዬ ልመለስ?»

እኔም ወታደሮቹ የእነማን ልጆች እንደሆኑ ሳላውቅ፣ ለእነሱም ለሽማግሌውም በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ።