ማተቧ የጠፋው ፎቶ

ባለቤቴ ስታርፍ የቀረኝ መታወቂያዋ ላይ ያለው ትንሽ ፎቶ ብቻ ነበር። ለሙት ዓመቷ በትልቁ አሳጥቤ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ብዬ ከቢቸና ሞጣ ይዤው ሄድኩ። የፎቶ ቤቷ ልጅ «ትተውት ይሂዱ አባባ፣ ማታ ይወስዱታል» አለችኝ። የሌላ ሰው ፎቶ እንዳትሰጠኝ ፈርቼ እምቢ አልኩና ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ለአፍታ ወደ በሩ ዞር ብዬ ብመለስ ስክሪኑ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። የእኔዋ ጠይም ነበረች፤ ይቺ ቀይ ናት። «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አልኳት። «የእርስዎው ናቸው፤ ደብዝዞ ስለነበር ቀለሙን አፈካሁት፤ ጭረቱንም አጸዳሁት» አለች። ስክሪኑ ላይ የባለቤቴን አንገት ባየው ማተቧ የለም።

«ማተቧን ማን በጥሺው አለሽ?» ስላት ደንግጣ መታወቂያውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «የፎቶው ጭረት መስሎኝ ነው አባባ።» አላመንኳትም። «እስቲ ያንቺን አንገት አሳዪኝ» አልኳት። ሻርፗን ገለጥ አድርጋ ጥቁር ክሯን አሳየችኝና የሠራችውን ሁሉ ወደ ኋላ መለሰችው። መጀመሪያ ማተቧ መጣ፤ ቀጥሎ ጠይም መልኳ። «እንዲህ ከተውኩት ግን ደብዛዛ ነው» አለችኝ። «ደብዛዛም ብትሆን እሷው ትሁን» አልኳት። ፎቶው ሲወጣ ደጅ ይዤው ወጣሁና በፀሐይ ከመታወቂያው ጋር አስተያየሁት። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ «አሁንስ አመኑኝ?» አለች። «አንገቷን አምኛለሁ፤ ፊቷን ልጆቿ ይዩልኝ» ብያት ሄድኩ።