ያልተሸነፈው ቡድንና የአቶ ሕሩይ መሐላ

የተከበራችሁ ካህናት አባቶች፣ ከስቶን ማውንቴን፣ ከኖርክሮስ፣ ከሮዝዌልና ከየአካባቢው ሥራችሁን አቋርጣችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከነሥራ ልብሳችሁ፣ አቶ ሕሩይ ገብረእግዚአብሔርን ለመሸኘት የተሰበሰባችሁ ወገኖች፤ ይህን ዜና ሕይወት እንዳነብ ቤተሰቡ የመረጠው እኔን፣ የባለቤታቸውን ታላቅ ወንድም ይገዙን ሲሆን፣ አብሮም አንድ አደራ ሰጥቷል። አደራውም የሚያስቀው ቦታ ላይ ሲደረስ ማንም ሳቁን እንዳይከለክል ነው፤ ሟቹ ራሳቸው ይህን ታሪክ ሲያወሩ ሳይስቁ ጨርሰውት አያውቁም ነበርና።

አቶ ሕሩይ ከአባታቸው ከአቶ ገብረእግዚአብሔር ወልደሰማያትና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺእመቤት ደምሴ በሰላሌ አውራጃ በፍቼ ከተማ በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የአጥቢያ ዳኛ የነበሩና ስለ ቃላቸው የሚከበሩ ሰው ሲሆኑ፣ በአንድ የክረምት መግቢያ በሬዎቻቸውን ለጎረቤት አውሳለሁ ብለው ቃል ስለሰጡ፣ የጎረቤቱ ማሳ ታርሶ የራሳቸው እርሻ ጦሙን እንዳደረ በአገሩ ሲነገር ኖሯል። እኚህ አባት “የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ” የሚለውን የቆየ አባባል ከአፋቸው አይለዩትም ነበር፤ ሕፃኑ ሕሩይም አባባሉን ከፊደል ጋር እኩል ተማሩት።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ካጠናቀቁ በኋላ በመምህርነት ሠልጥነው፣ በደብረ ጽጌና በፍቼ ለብዙ ዓመታት ሒሳብ አስተማሩ። ነገ ፈተና አለ ካሉ፣ ጎርፍ ድልድዩን ቢወስደውም ፈተናው አይቀርም ነበር። ተማሪዎቻቸው “ጋሽ ሕሩይ ከማሉ ዝናቡም ያባራል” እያሉ ይቀልዱ እንደነበር ዛሬ ከዴንቨር ድረስ የመጡት የቀድሞ ተማሪያቸው ወይዘሮ ትዕግስት ምስክር ናቸው። በ1983 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፋናዬ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ፀጋአብንና ቢታንያን ካፈሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የዲቪ ዕድል ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው ወደ አትላንታ መጡ።

እዚህም እንደ ብዙዎቻችን መጀመሪያ መኪና ማቆሚያ ቦታ ሠርተው፣ ቀጥሎም ታክሲ ያዙ። በዚያው ዓመት ከመጡት ከአቶ ሱልጣን ጋር አንዱን ታክሲ እየተፈራረቁ ሲነዱ፣ በረመዳን አቶ ሕሩይ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ አቶ ሱልጣን፣ አንዱ በሌላው ፊት እህል ሳይቀምሱ ኖረዋል። ወይዘሮ ፋናዬም ሮዝዌል ባለ የአረጋውያን መጦሪያ እየሠሩ፣ ሁለቱ ተጋግዘው ስቶን ማውንቴን የሚገኘውን፣ ዛሬ ድንኳን የተተከለበትን ቤት ገዙ።

በኩር ልጃቸው ፀጋአብ የአባቱን የሒሳብ ጭንቅላትና የአጎቶቹን ትከሻ ይዞ አደገ። ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው ፓይን ሆሎው በተባለ ትንሽ ኮሌጅ ምሕንድስና ሊማር ሲገባ፣ ኮሌጁ በዚያው ዓመት የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን እንደ አዲስ ያቋቁም ነበርና፣ ትከሻውን ያዩ ሰዎች ጠርተው መለያና የራስ ቁር ሰጡት። ይህን ጨዋታ ለማታውቁ እናቶች፣ ኳሱ እንደ ሎሚ በሁለት በኩል የሾለ፣ ታቅፈውት የሚሮጡት፣ ሯጩንም ለመጣል ሰው በሰው ላይ የሚከመርበት ነው፤ የፀጋአብም ድርሻ ሯጩን መጣል ነበር። ልጁ ይህን ለአባቱ መንገር ስለፈራ ቅዳሜ ቅዳሜ ላይብረሪ ነኝ እያለ ሁለት ዓመት ሸሸገ፤ እናቱ ግን ጎኑ ላይ ያለውን ሰንበር አይተው፣ ላይብረሪ ሰው እንዲህ እንደማያደርግ ገብቷቸው ዝም ብለው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2014 በበጋው መጨረሻ፣ ከአየር ማረፊያ የጫኗቸው አንድ አሜሪካዊ መንገደኛ በታክሲው ውስጥ የተለጠፈውን የሾፌሩን ስም ለማንበብ ሲታገሉ ቆይተው፣ ይህን የመሰለ ረጅም ስም ያዩት በፓይን ሆሎው ተጫዋች ጀርባ ላይ ብቻ መሆኑን፣ ልጃቸው ከሆነም ሊኮሩበት እንደሚገባ፣ ሰው ሲጥል የሚያህለው እንደሌለ ነገሯቸው። አቶ ሕሩይ መንገደኛውን በሰላም አድርሰው፣ ታክሲውን ለአቶ ሱልጣን አስረክበው ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ እሑድ ነበር፤ እንግዶችም ነበሩ። አቶ ሕሩይ ማዕዱ ከተባረከ በኋላ ልጃቸውን ትክ ብለው አይተው፣ “ጭንቅላቱን እንዲያሠራበት ላክሁት እንጂ እንደ ሙክት እንዲዋጋበት አልላክሁትም” አሉ። ያን ጊዜ ገና ተማሪ የነበረችው ቢታንያ “ዳዲ፣ ሄልሜት እኮ አለው” ብላ ለወንድሟ ጥብቅና ብትቆም ነገሩን ይብስ አጋጋለችው። እሳቸውም ብድግ ብለው፣ ይህ ቡድን ተሸንፎ አንገቱን ደፍቶ እስኪመለስ ድረስ ከፀጋአብ ጋር በአንድ ማዕድ እንደማይቆርሱ በአባታቸው አጥንት ማሉ።

የሒሳብ መምህር ናቸውና አስበውበት ነው የማሉት። ቡድኑ በተመሠረተበት ዓመት አንድም ጨዋታ አላሸነፈም፤ በሁለተኛው ዓመት አሸነፈ የተባለውም ተጋጣሚው አውቶቡስ ተበላሽቶበት ስለቀረ ነው። እንግዲህ በመጪው ቅዳሜ ይሸነፋል፣ እሑድ እንታረቃለን፣ ልጁም ልብ ይገዛል ብለው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ ወጣ፤ በመጪው ቅዳሜም ፓይን ሆሎው አሸነፈ።

በሚቀጥለውም ቅዳሜ አሸነፈ። መስከረም ጠባ፣ አሸነፈ። ደመራ ተለኮሰ፣ አሸነፈ። አቶ ሱልጣን ጨዋታውን በስልካቸው እየተከታተሉ፣ ተረኛ ሆነው ታክሲውን ሊረከቡ ሲመጡ እንደ መርዶ ነጋሪ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ሕሩይ ወንድሜ፣ እንግዲህ ጠንከር በል፤ ዛሬም አሸነፉ” ይሏቸው ነበር። ወይዘሮ ፋናዬም ልጃቸው እንዳይጎዳ፣ ቡድኑ ግን እንዲሸነፍ፣ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ለቅዱስ ሚካኤል ተሳሉ፤ ቅዱስ ሚካኤል የመጀመሪያውን ሰምቶ ሁለተኛውን እንዳልሰማ ሆኖ አለፈው። መላው አሜሪካ ለቡድኑ ድል ሲጮህ፣ ስቶን ማውንቴን ያለች አንዲት ቤት ብቻ ሽንፈቱን በጸሎት ትጠብቅ ነበር።

ፀጋአብ እሑድ እሑድ ሲመጣ ከእህቱ ጋር ወጥ ቤት፣ አባቱ ሳሎን ይበሉ ነበር። አቶ ሕሩይ ደህና ደህናውን ሥጋ ወደ ዳር ገፍተው “በቃኝ፤ ለዚያ ልጅ ስጡት” ይሉና፣ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ አይተው ሳይታወቅባቸው ይተነፍሱ ነበር። ሽማግሌ ሆነን ስንሄድባቸውም “የተናገሩት ከሚጠፋ” ብለው ይጀምሩና፣ ሁለተኛው እኩሌታ ከአፋቸው አልወጣ ይላቸዋል። አስጨንቋቸው እንደነበር ሁላችንም እናይ ነበር፤ እልኸኛ ቢሆኑም ልጃቸውን የሚወዱ አባት ነበሩ።

በጥቅምት ወር የመንገደኛ ሻንጣ ሲያነሡ ደረታቸውን ያዛቸው። ሐኪሞች መርምረው የልባቸው የደም ሥሮች መዘጋታቸውን፣ ቀዶ ሕክምና የግድ መሆኑን ነግረው፣ ከታንክስጊቪንግ በዓል በኋላ ባለው ማክሰኞ ቀጠሯቸው። የቡድኑ የመጨረሻ ጨዋታ ደግሞ ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ነበር። አቶ ሕሩይ በኋላ እንዳጫወቱን፣ ያስፈራቸው የሐኪሞቹ ቢላዋ አልነበረም፤ ከልጃቸው ጋር ሳይቆርሱ ከነመሐላቸው መሞትን ነበር የፈሩት።

ጨዋታው አንድ ቀን ሲቀረው ፀጋአብ ወደ ቤት መጥቶ እናቱን ለብቻቸው አነጋገራቸው። “ማሚ፣ ዋን ፕሌይ ብቻ ሚስ ባደርግ እኮ እንሸነፋለን፤ ማንም አያውቅም። ዳዲ ሰርጀሪ ሳይገባ አብሬው እበላለሁ” ብሏቸው፣ እምባውን ጠርጎ ወደ ቡድኑ ተመለሰ። ወይዘሮ ፋናዬም ሊይዙት አልቻሉም፤ አቶ ሕሩይ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ነገሯቸው።

አቶ ሕሩይ ኮታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። አባታቸው ቃላቸውን ሲጠብቁ ጦሙን ያደረው የራሳቸው እርሻ ነበር፤ እሳቸው ግን የራሳቸውን ቃል ለመጠበቅ ልጃቸው ለጓደኞቹ የሰጠውን ቃል እንዲያጥፍ ሊያደርጉት ነው። ይህ በገባቸው ጊዜ ብድግ ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱና የነፍስ አባታቸውን ቀሲስ ፍስሐን ከመሐላው እንዲፈቷቸው ለመኑ። ቀሲስም፣ ዛሬ እዚሁ ቆመው እየሰሙን ነው፣ “መጀመሪያም መማል አልነበረብዎትም፤ ከማሉም ሦስት ወር መቆየት አልነበረብዎትም። ለመሆኑ በአጥንታቸው የማሉባቸው አባትዎ ዛሬ በሕይወት ቢኖሩ፣ የሚበሉት ሳሎን ነው ወይስ ከልጅ ልጃቸው ጋር ወጥ ቤት?” አሏቸው። ቀሲስ የሚሰግዱትን ስግደት አዝዘው፣ ጸሎት ደግመው ፈቷቸው።

ወይዘሮ ፋናዬ እልል ብለው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አብረን እንበላለን ቢሉም፣ ባለቤታቸው ግን እሑድ ድረስ ከተቆየ ልጁ ቅዳሜ ለአባቱ ሲል እንደሚሸነፍ አስታወሷቸው። ስልክ ቢደውሉ ተዘግቷል፤ አሠልጣኙ ከጨዋታ በፊት የተጫዋቾቹን ስልክ ይሰበስቡ ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጾመ ነቢያት በዚያው ሳምንት ገብቶ ነበርና፣ ወይዘሮ ፋናዬ የሽሮ ፍትፍት በክዳን ሳህን ቋጠሩ፤ አቶ ሱልጣንም የዕለት ገበያቸውን ትተው ባልና ሚስቱን በታክሲው ይዘው ገሠገሡ።

ሜዳው አጥር ሥር ሲደርሱ ተጫዋቾቹ እያሟሟቁ ነበር። አቶ ሕሩይ መጀመሪያ ያዩት የልጃቸውን ፊት ሳይሆን ጀርባውን ነው፤ ገብረእግዚአብሔር የሚለው የአባታቸው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ከትከሻ እስከ ትከሻ ተዘርግቶ፣ የዳርና የዳሩ ፊደላት ወደ ብብቱ ሊገቡ ምንም አልቀራቸውም። አጥሩን ይዘው፣ ከበጋ ወዲህ ጠርተውት የማያውቁትን ስም “ፀጋዬ!” ብለው ተጣሩ። ልጁ ሮጦ መጥቶ የራስ ቁሩን አወለቀ፤ የጥርሱን መከላከያ ተፋ። አባትየውም ከሳህኑ ጠቅልለው በአጥሩ ላይ እጃቸውን ዘረጉ።

“ዳዲ፣ መሐላውስ?” አለ።

“ተፈትቷል። ብላ፤ ከዚያ ሄደህ እንደ ልብህ ጣላቸው” አሉት።

በላ፤ እሱም በተራው አጎረሳቸው፤ ሁለቱም አለቀሱ። ወይዘሮ ፋናዬ ያን ቀን ከደረታቸው ላይ ድንጋይ እንደተነሣላቸው ሆነው መተንፈሳቸውን ዛሬም ይናገራሉ። ከዚህ በኋላ የሆነውን አቶ ሕሩይ ሲተርኩት ሳቅ ያቋርጣቸው ነበር፤ ሌሎቹ ተጫዋቾች ነገሩ ለድል የሚደረግ የቤተሰብ ሥርዓት መስሏቸው፣ ከነትከሻቸው አጥሩ ሥር ተሰልፈው አፋቸውን ከፈቱ። አባትና እናት ሽሮው እስኪያልቅ አጎረሷቸው፤ ሳይደርሰው የቀረ አንድ ግዙፍ ልጅም አኩርፎ ወደ ሜዳ ገባ። ፀጋአብ ያን ቀን አንድም ሯጭ አላሳለፈም። ቡድኑ በሦስተኛ ዓመቱ ሽንፈት ሳይቀምስ ውድድሩን ፈጸመ፤ የጨዋታው ሕግ እስከ መጨረሻው ያልገባቸው አቶ ሕሩይም፣ ድምፅ ማጉያው የአባታቸውን ስም እየሰባበረ በጠራ ቁጥር ከመቀመጫቸው ይነሡ ነበር።

ማክሰኞ የተደረገው ቀዶ ሕክምና በእግዚአብሔር ቸርነት ተሳካ። በቀጣዩ ዓመት ፓይን ሆሎው ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ሲሸነፍ፣ አጥሩ ሥር የነበሩት አቶ ሕሩይ “ምነው ይህን አምና ብታደርጉት ኖሮ!” ብለው ተጫዋቾቹን ጭምር አሳቋቸው። ፀጋአብ በምሕንድስና ተመርቆ፣ ሔለንን አግብቶ ፅጌረዳን ሲወልድ፣ አያት ሆነው የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ለመሳም በቁ። ባለፈው ሐሙስ ማታ ከመላው ቤተሰባቸው ጋር የጾም እራታቸውን በአንድ ማዕድ ከበሉ በኋላ፣ እንደተኙ በተወለዱ በስልሳ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ኀዘናችን ከባድ ነው፤ ነገር ግን ተኳርፈው ባለመለያየታቸው ልባችን ዐርፏል።

አቶ ሕሩይ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፋናዬ፣ ከልጆቻቸው ከፀጋአብና ከቢታንያ፣ ከምራታቸው ከሔለን፣ ከልጅ ልጃቸው ከፅጌረዳ፣ ፍቼ ካሉት እህታቸው ከወይዘሮ ኤልፍነሽ፣ ከወንድም ከማይለዩት ከአቶ ሱልጣን ተለይተዋል። ከበስተኋላ የቆማችሁት የፓይን ሆሎው ልጆችም፣ የምንለውን ባትሰሙም እንኳ፣ ከእጃቸው በልታችኋልና ስማችሁ ከቤተሰቡ ጋር ነው።

ያቆዩልን ኑዛዜ አንድ ነው። ከቀብር መልስ በሚቀርበው ማዕድ የተኳረፈ ቢኖር ለየብቻ እንዳይቀመጥ፣ አንድ ትሪ ላይ እንዲቀርብ አደራ ብለዋል። ስንት ዘመን እየጀመሩ ሳይጨርሱ ይተዉት የነበረውን አባባልም ገልብጠው ጨርሰውታል፤ “የወለዱት ከሚጠፋ የተናገሩት ይጥፋ።”

ልጆቹን ሁሉ በአንድ ማዕድ የሚሰበስብ አምላክ የሕሩይን ነፍስ በአባታቸው በገብረእግዚአብሔር አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።